ሌላውን ማን ይያዘው

ሰውየው የተወጋው አቶ መኳንንት ክንድ ውስጥ እያለ ነው። ይህን ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሪቱ በዓይናቸው በብረቱ አይተዋል፤ ከባልና ሚስቱ በቀር ግን በሚኖሩባት በካናዳዋ ካልጋሪ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩ ከሥሩ ቢነገር ይሻላል። አቶ መኳንንት ጠብ ባለበት ቦታ እጃቸውን አጣምረው መቆም ከቶ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ዕቃ ሲያነሡና ሲጥሉ ኖረው በጡረታ ቢገለሉም፣ ክንዳቸው ዛሬም የወይራ ግንድ ነው። በሰርግ አዳራሽ መጠጥ ያናቆራቸውን፣ በቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ በሰበካ ጉባኤ ምርጫ የተቧቀሱትን፣ በአንዲት ሴት ጉዳይ ጥርስ ለጥርስ የተራገፉትን ሁሉ መሐል ገብተው ገላግለዋል። የፊት ጥርሳቸው አንዱ የተሸረፈውም እንዲሁ ሲገላግሉ ነው፤ ይህንን እንደ ሜዳልያ ይቆጥሩታል።

የገላጋይ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባው ሰው የለም። አንተ ለአንተ የቀረበውን ከኋላው ትይዘዋለህ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቀህ ትቆልፈዋለህ፤ ሌላውን ደግሞ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ ዞረህም አታይም። ሁልጊዜ አለ። የማታውቀው መንገደኛ ይሁን ባለሱቅ፣ ጠብ ሲነሣ ከየትም ብሎ ከች ይላል። «ገላጋይ ደም የለበትም» የሚባለውም ይህንኑ ታምኖ ነው።

ቦጎታ የሄዱት ልጃቸው ኑሃሚን አስገድዳቸው ነው።

«ማሚ፣ ከፓይንሪጅ ቤታችሁ ቸርች፣ ከቸርች ፓይንሪጅ፤ ኑሯችሁ እሱ ብቻ ሆነ እኮ። ቲኬቱን ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ካንስል አይደረግም» አለች።

«ኮሎምቢያ ደግሞ ማን አለን?» አሉ አባቷ።

«ማንም የለንም ባባ፣ ፖይንቱ እሱ ነው። ማንንም የማታስታርቅበት አገር ሂድና ዕረፍ።»

ከተማዋ ተራራ ሥር የተዘረጋች ብርዳም ደጋ ሆና አገኟት። ቀይ ጡብ ለብሳ፣ ዝናብ እየመታት፣ አውቶቡሱ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ሻጩ፣ ለማኙ በአንድነት እየጮኹባት ትውላለች። ሌሎቹ ጎብኚዎች ዳገቱን ሲወጡ አየር አጥሯቸው እንደ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ። አቶ መኳንንት ግን ደረታቸውን ነፍተው ይወጡታል።

«ደጋ ያልተወለደ ሰው ሳንባውን ለጌጥ ነው የያዘው» አሉ አንድ ቀይ ፊት ጎልማሳ አልፈው ሲሄዱ።

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል» አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ።

«በምን ቋንቋ?»

በገመድ በሚሳብ ሠረገላ ተንጠልጥለው ሞንሴራቴ ከሚባለው ተራራ ጫፍ ወጡ፤ ደመናው ከእግራቸው በታች ሲተራመስ አዩ። በማግስቱ ላ ካንደላሪያ የሚሉትን አሮጌ ሰፈር በእግራቸው ሲያስሱ ዋሉ። ግድግዳው ሰማያዊና ብጫ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ በረንዳው እንጨት ነው። ከአንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሲሳለሙ ወይዘሮ ዘሪቱ ከአንድ ምስል ፊት ደንግጠው ቆሙ። ክርስቶስ ተገርፎ ወድቋል፤ ጀርባው እንደ ታረሰ መሬት ተተልትሎ ደሙ እስከ ተረከዙ ወርዷል።

«በእኛ ሥዕል ይሰቀላል እንጂ እንዲህ አይታረድም» አሉ።

«ያው አንድ ሞት ነው» አሉ አቶ መኳንንት።

ከዚያ ቀጥሎ ካለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ተቀምጠው አይብ የተጨመረበት ትኩስ ቸኮላታ ቀረበላቸው። ወይዘሮ ዘሪቱ በማንኪያ ሲያነሡት አይቡ እንደ ላስቲክ ተሳበ።

«ይሄ ሕክምና ነው ምግብ?»

«ጠጪው፣ እንግዳ አይመርጥም።»

ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ ዘሪቱ ባላቸው እንዲህ ከልባቸው ሲስቁ ካዩ ዘመን የለውም፤ ልጃቸውንም በሆዳቸው መረቁ።

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። በሰፊው ጎዳና ዳር ወንዶች ተኮልኩለው ቆመዋል፤ የመረግድ ነጋዴዎች ናቸው። ሱቅ የላቸውም፤ አረንጓዴውን ድንጋይ በነጭ ወረቀት አጥፈው በኪሳቸው ይይዛሉ፣ ገዥ ሲመጣ በመዳፋቸው ላይ ይገልጡታል። ባልና ሚስቱ ቆመው ሲመለከቱ ከሁለት ነጋዴዎች መሐል ድምፅ ከፍ አለ። አንዱ ቀጭን ወጣት፣ ሌላው ግራጫ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ወጣቱ የጎልማሳውን መዳፍ ከሥር መታው፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ድንጋዮቹ እርጥቡ ንጣፍ ላይ ተበተኑ። ጎልማሳው የወጣቱን አንገት ይዞ አፍንጫውን በግንባሩ ፈጠፈጠው። ደሙ በሁለቱም ደረት ላይ ተረጨ። ሕዝቡ አፈግፍጎ ክብ ሠራ።

«እንሂድ» አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ።

«ይገዳደሉ?»

«የእኛ ሰዎች አይደሉም፣ የኑሃሚን አባት።»

«ሰዎች ግን ናቸው» አሉና ጃንጥላውን አቀብለዋቸው ገቡ።

ለእርሳቸው የቀረበው ወጣቱ ነበር። ከኋላው ገብተው ሁለት ክንዱን ከጎኑ አጣብቀው ቆለፉት፤ ከመሬትም ትንሽ ከፍ አደረጉት። «በቃ ልጄ፣ በቃ፣ ተው» ይሉታል በአማርኛ። ወጣቱ ተንፈራገጠ፣ በጭንቅላቱ ወደ ኋላ መታቸው፤ ከንፈራቸው ተተረተረ። አልለቀቁም። ያን ጊዜ ጎልማሳው እጁን ወደ ወገቡ ሰዶ ጩቤ አወጣ።

«ያዙት እንጂ» አሉ አቶ መኳንንት ወደ ሕዝቡ። «ያንን ሰውዬ ያዙት።»

የተንቀሳቀሰ የለም። አንዱ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ፤ አንዲት ሴት ዓይኗን ሸፈነች። ወይዘሮ ዘሪቱ ከጎልማሳው በስተጀርባ እጃቸው በሚደርስበት ርቀት ላይ ነበሩ። ጃንጥላውንና ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የሰውየውን ማጅራት፣ በፀጉሩ ላይ የቀሩትን የዝናብ ጠብታዎች ያያሉ። ሴት የወንድ ጠብ ውስጥ አትገባም ተብለው ነው ያደጉት። አልገቡም።

ጩቤው ከወጣቱ ጎድን ሥር ገባ፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። ሰውነቱ በተወራጨ ቁጥር አቶ መኳንንት ሊያመልጣቸው የሚታገል መሰላቸውና የባሰ አጠበቁት። ሙቀቱ እጃቸው ላይ ሲፈስ ብቻ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ለቀቁት። ወጣቱ በእግራቸው ላይ ተንሸራቶ ወረደና ከድንጋዮቹ መሐል ተጋደመ። ገላጋይ ደም የለበትም ይባላል፤ የእርሳቸው ግን እስከ ክርናቸው ደርሷል።

ወጊው በሕዝቡ መሐል ሲጠፋ የወጣቱ ጓደኞች ደረሱ። ያዩት የቆሰለ ወንድማቸውንና ደም የነካውን የውጭ ሰው ነው፤ ይዞ ያስወጋው እርሱ ነው ተባለ። አቶ መኳንንትን በቡጢ ጣሏቸው፣ በጫማ ሆዳቸውን ረገጧቸው፤ አንዱ ተረከዙን ከቀኝ እጃቸው ላይ አሳርፎ እንደ ሲጋራ ጉማጅ አዞረው። አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ወይዘሮ ዘሪቱ ሰምተዋል። በላያቸው ላይ ተደፉባቸው፤ ጀርባቸውም የድርሻውን ተቀበለ። ሞተረኛ ፖሊሶች ደርሰው ሕዝቡን በዱላ ባይበትኑት ኖሮ ሁለት ሬሳ በጨመሩ ነበር።

ፖሊሶቹ ምስክር ሰምተው አቶ መኳንንት ሊገላግሉ እንደገቡ ተረዱ፣ አሰናበቷቸውም። ወጣቱ ሞተ።

ካልጋሪ ሲመለሱ ሰው ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል መጣ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ዝናብ ያረጠበው ደረጃ ጣለኝ።»

ወይዘሮ ዘሪቱ በስልካቸው ተራራውን፣ ጡብ ቤቶቹን፣ እንደ ላስቲክ የሚሳበውን አይብ ያሳያሉ፤ ሰው ይስቃል። እንግዳው ሲወጣ ቤቱ ጭው ይላል። አቶ መኳንንት ጀሶ የታሰረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመስኮት በረዶውን ያያሉ። በእንቅልፍ ልባቸው ግን ክንዳቸው ሚስታቸውን ፈልጎ ያገኛል፣ ይቆልፋቸዋል። ወይዘሮ ዘሪቱ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይጨመቃሉ፤ በክርናቸው መትተው ነው የሚያስለቅቁት። ጠዋት ክንዳቸው ላይ የበለዘውን ሁለቱም ያዩታል፤ ሁለቱም አያነሡትም። ሆድ ይፍጀው ብለው፣ ሳይማማሉ ተስማምተዋል።

ነገር ግን ሆድ የፈጀው ሁሉ አይጠፋም። ወይዘሮ ዘሪቱ በሚሠሩበት የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎቹን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲያዛውሩ፣ ከባዱን ገላ በብብቱ ሥር አቅፈው ሲያነሡ፣ ያ ማጅራት ይመጣባቸዋል። ባሌ የጠራው ሌላ ሰው አልመጣለትም፣ ይላሉ ለራሳቸው። ሌላው ሰው ግን እኔ ነበርኩ፤ እዚያው፣ ጃንጥላ ይዤ። በባላቸው ክንድ ውስጥ ዳግመኛ ሰው እንዳይሞት፤ ከዚህ ሌላ የሚመኙት ነገር አልነበራቸውም። ይህ እንዳይሆን ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ቁርጥ አድርገው ያዙ። አቶ መኳንንት በበኩላቸው ምን ቁርጥ እንዳደረጉ ግን አልጠየቋቸውም።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ፀጋዬ የተባለ የሰበካ ጉባኤ አባል ደወለ። ሮሚ፣ የአቶ መኳንንት የክርስትና ልጅ፣ ባሏ ይዲድያ መንጋጋዋን በቡጢ ሰብሮት በሽቦ ታስሮላታል። ኤሪን ውድስ ሰፈር ካለው ከወንድሟ ከመዝገቡ ቤት ገብታለች።

«ጋሼ፣ ፖሊስ ኬዙን ይዞታል፤ መዝገቡ ግን እገድለዋለሁ እያለ ነው። እርስዎ ካልመጡ ማንንም አይሰማም።»

«ይቅርብኝ፣ ፀጋዬ።»

«የክርስትና ልጅዎ ናት፣ ጋሼ።»

አቶ መኳንንት ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ኮታቸውን አነሡ። ወይዘሮ ዘሪቱም ሳይጠየቁ የራሳቸውን አነሡ። መኪናው ውስጥ ያወሩት ስለ መንገዱ ማንሸራተት ብቻ ነው።

ሮሚ ፊቷ አብጦ ከአንድ ጥግ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ዘሪቱ አጠገቧ ተቀመጡ። ይዲድያ ፀጋዬ ለእርቅ ጠርቶት ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ የሚያብረቀርቅ ሰደርያውን አላወለቀም፣ የካርቶን መቅደጃ ምላጩም ከቀበቶው አልወጣም።

«ሶሪ፣ ሺፍት ነበረኝ» አለ።

«እህቴን ስትሰብራት ኦፍ ነበርክ ማለት ነው» አለ መዝገቡ።

«መዝገቡ፣ ሽማግሌ ፊት ነን» አለ ፀጋዬ።

«ሽማግሌ ስላከበርኩ ነው ጥርሱ እስካሁን አፉ ውስጥ ያለው።»

ይዲድያ ሳቀ። «ጋሼ፣ ያዩታል አይደል? እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። እሱ ግን ሚስቴ ምን እንዳለችኝ ጠይቋት ያውቃል?»

«መንጋጋዋ ታስሯል እኮ» አሉ አቶ መኳንንት በዝግታ። «በምን አፏ ትንገረው?»

«እሱ የእኔ ጥፋት—»

«የማን ነው ታዲያ?» አለ መዝገቡ፤ ተነሥቶም የሻይ ጠረጴዛውን በእግሩ ገለበጠው። ብርጭቆ ረገፈ። «ና ውጣ። ወንድ ፊት ሞክረው።»

በጋራዡ በኩል ወጡ። መዝገቡ ከግድግዳው ላይ የጎማ መፍቻ ብረት አንሥቶ ነበር፤ ይዲድያ ምላጩን ከሰገባው አስወጥቷል። በረዶ በተጋገረው የመኪና መግቢያ ላይ ተያያዙ። የመጀመሪያው ምት የይዲድያን ትከሻ አገኘ፤ የምላጩ መልስ የመዝገቡን ጉንጭ ከጆሮው እስከ አገጩ ቀደደው። ደሙ እንደ ቀይ መጋረጃ ወረደ። አቶ መኳንንት እርምጃቸውን አልቆጠቡም፤ ሰውነታቸው ከልባቸው ቀድሞ ሄደ። ለእርሳቸው የቀረበው መዝገቡ ነበር። ከኋላው ገብተው ቆለፉት።

ወይዘሮ ዘሪቱ ዙሪያውን አዩ። ፀጋዬ ደጃፉ ላይ ስልኩን እየነካካ «ናይን ዋን ዋን እየደወልኩ ነው፣ እየደወልኩ ነው» ይላል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎረቤት አካፋውን እንደያዘ ደርቋል፤ ሌላዋ ቪዲዮ ታነሣለች። ይዲድያ ምላጩን አስቀድሞ ወደ ተያዘው ሰው ይሄዳል። ሌላ ሰው የለም።

ገቡ። ከበስተጀርባው ደርሰው ምላጭ የያዘውን እጅ ከሌላው ክንዱ ጋር አንድ አድርገው ደረቱ ላይ አጣበቁት። ምላጩ መዳፋቸውን ሰነጠቀው። አውራ ጣቱን ነከሱት፤ ጥርሳቸው አጥንት እስኪነካ ነከሱት፤ ምላጩ ወደቀ። ስንት ከባድ ገላ ያነሣ ክንድ ነው፤ ይዲድያ ተወራጨ፣ አላስነቃነቁትም።

«ያዝኩት» አሉ አፋቸው በደም ተሞልቶ። «የኑሃሚን አባት፣ ያዝኩት።»

ቀና ሲሉ ያዩት የባላቸውን ክንዶች ነው፤ ተከፍተዋል። አቶ መኳንንት እጆቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ እሳት እንደነካው ሰው፣ ከመዝገቡ ወደ ኋላ እየራቁ ነበር። መዝገቡ ብረቱ በእጁ ነው፤ ከፊቱ የተያዘ ሰው እንጂ ራሱን የሚከላከል ሰው አልቆመም።

ብረቱ የይዲድያን ራስ ሲያገኝ ድምፁ እንደሚሰበር ደረቅ ቅል ነበር። የይዲድያ ጉልበት በአንድ ጊዜ ጥሎት ሄደ፤ ወይዘሮ ዘሪቱ ክብደቱ በክንዳቸው ውስጥ ሲለወጥ ተሰማቸው። ያንን ክብደት ከሥራቸው ያውቁታል። ሁለተኛው ምት ከሟቹ ራስ አልፎ የእርሳቸውን ትከሻ ሰበረ። ያን ጊዜ ነው መዝገቡ ከይዲድያ ኋላ ማን እንዳለ ያየው።

«እትዬ ዘሪቱ» አለ፤ ቤቱ በእንግድነት የመጡበት ያህል ዝቅ ብሎ። ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

ሮሚ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች። አፏን መክፈት ስለማትችል ጩኸቱ በጥርሷ መሐል እየተጣራ ወጣ።

ወይዘሮ ዘሪቱ ከነሬሳው በረዶው ላይ ተቀመጡ። አቶ መኳንንት ተንበርክከው ተጠጉ።

«ለምን ለቀቅኸው?»

«እጄ ውስጥ እንዳይታረድ ነዋ» አሉ። «ዳግመኛ ሰው አልይዝም ብዬ ለእግዚአብሔር ነግሬ ነበር። ስይዘው ትዝ አለኝ፤ ለቀቅኩት። አንቺስ ከየት መጣሽ?»

«ሌላውን የሚይዝልህ ጠፍቶ ነው ያ ልጅ የሞተው ብዬ ነዋ።»

«መቼ እንዲህ አልሽኝ?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?»

ቦጎታን በአፋቸው ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነበር። ፔጋን ትሬይል በሚባለው አውራ መንገድ በኩል የአምቡላንስ ጩኸት እየቀረበ መጣ። ሐኪሞቹ ደርሰው አንገቱን ዳሰሱ፣ እርስ በርሳቸውም ተያዩ፤ ከዚያ ወይዘሮ ዘሪቱን በትሕትና ሰውየውን እንዲለቁት ጠየቋቸው።

ሊለቁት ፈልገው ነበር። ክንዳቸው እሺ አላላቸውም። አቶ መኳንንት በጠማማው እጃቸው የሚስታቸውን ጣቶች ከሟቹ ሰደርያ ላይ አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ «በቃ ዘርዬ፣ በቃ፣ ተይው» ይሏቸው ነበር።